አቢን የጠላን ሰሞን

መጀመሪያ አንድ ነገር እንተማመን፡፡ እዚህ ገጽ ላይ «እኛ» እያልን ስንጽፍ ብዙ ሰዎች ነን ማለታችን አይደለም፡፡ አንዲት ሴት ነን፡፡ ጋዜጠኝነት ተምረን፣ ቆብ ደፍተን፣ ጋዋን ለብሰን የተነሳነውን ፎቶ እማዬ ሳሎን ግድግዳ ላይ የሰቀለችልን አንዲት ሴት፡፡ ዛሬ የምናወራውን ነገር በ«እኔ» ማውራት ግን ድፍረቱ የለንም፡፡ ብቻን ሆኖ ጥፋትን መናዘዝ ይከብዳል፤ በ«እኛ» ውስጥ ትንሽ መደበቂያ አለ፡፡

ጉዳያችን ጌም ነው፡፡ «ደግሞ ሴት ልጅና ጌም ምን አገናኛቸው?» የምትሉ ወንድሞች እንዳላችሁ እናውቃለን፤ ሰፈራችን ከነበረው ጌም ቤት ጀምሮ ነው የምናውቃችሁ፡፡ ያኔ ታናሽ ወንድማችንን ለምሳ ጥሪው ተብለን እንላክ ነበር፡፡ በቆርቆሮ የተሠራች አንዲት ክፍል፣ ሦስት ቴሌቪዥን፣ ወለሉ ላይ የለውዝ ገለፈት፣ አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ የተደራረበ የሰፈር ልጅ ሁሉ፡፡ ሁለቱ ቴሌቪዥኖች ላይ ሁሌም ኳስ ነው፡፡ ሦስተኛው ላይ ግን አንዳንዴ ሳን አንድሪያስ ይከፈታል፤ ያን ቀን እኛም የተላክንበትን ረስተን በሩን ተደግፈን እንቀራለን፡፡ በመጨረሻ እማዬ ሁለታችንንም ፍለጋ ራሷ ትመጣለች፡፡ ከዚያ በኋላ ያለውን አንተርክም፡፡

እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣውን ግራንድ ቴፍት አውቶ ሳን አንድሪያስን ያየ ሰው ቴንፔኒ የሚባለውን ፖሊስ አይረሳውም፡፡ ድምፁን የሰጠው ሳሙኤል ኤል. ጃክሰን ነው፡፡ ጉቦኛ፣ ነፍሰ ገዳይ፣ የገደለውን ሰው ሌላው ላይ የሚለጥፍ፡፡ ብቅ ባለ ቁጥር የጌም ቤቱ ልጆች በአንድ አፍ ይረግሙት ነበር፤ እኛም በሩ ላይ ሆነን አብረን እንረግማለን፡፡ ደስ ይላል፡፡ አሁን ስናስበው ግን ያ ጥላቻ ምንም አላስከፈለንም፡፡ ደራሲዎቹ «ይኼን ጥሉት» ብለው ሰጡን፣ ጠላነው፣ ወደ ቤት ሄደን ምሳችንን በላን፡፡

በ2013 ደግሞ ትሬቨር መጣ፡፡ ግራንድ ቴፍት አውቶ 5 ላይ ካሉት ሦስት ባለታሪኮች አንዱ ነው፤ ተጫዋቹ ራሱ ትሬቨርን ሆኖ ወንበር ላይ የታሰረ ሰውን የሚያሰቃይበት ክፍል አለው፡፡ የምታሰቃዩበትን መሣሪያ የምትመርጡት እናንተ ናችሁ፡፡ ዓለም ሁሉ ጮኸ፡፡ ቀጥሎ ትሬቨር ሰውየውን በመኪና አውሮፕላን ማረፊያ እያደረሰው ማሰቃየት ለምርመራ እንደማይረባ ያስተምራል፡፡ እኛ እዚህ ጋ ትንሽ ቅር ይለናል፡፡ ጉጠቱን አስጨብጦ ሲያበቃ መልሶ ስብከት መስጠት አንድን ዕቃ ሁለቴ እንደመሸጥ ነው፡፡ አከራካሪ ገጸ ባሕርይ ሁሉ ዋጋ አለው የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አትመኑት፡፡ ጩኸት ለማስነሳት ብቻ የተፈጠረም አለ፡፡

አቢ ግን ሌላ ናት፡፡

(ዘ ላስት ኦፍ አስን ልትጫወቱት አስባችሁ ገና ካልጀመራችሁ እዚህ ጋ አቁማችሁ ሻይ ጠጡ፡፡ ከዚህ በታች የምናስቀረው ምስጢር የለም፡፡)

የመጀመሪያው ክፍል የወጣው በ2013 ነው፤ ሠሪው ኖቲ ዶግ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት፡፡ ሰውን ወደ አውሬነት የሚለውጥ የፈንገስ በሽታ ዓለምን አፍርሷል፡፡ ጆል የሚባል፣ ልጁ እቅፉ ውስጥ የሞተችበት ሰውዬ፣ ኤሊ የምትባል የ14 ዓመት ልጅ ከቦስተን ተነስቶ አሜሪካን አቋርጦ እንዲያደርስ ይሰጠዋል፡፡ ኤሊ በሽታው አይዛትም፡፡ ፋየርፍላይስ የተባሉት ታጣቂዎች ከእሷ ክትባት ሊሠሩ ነው፡፡ መንገድ ላይ ጆልና ኤሊ አባትና ልጅ ይሆናሉ፡፡ እኛም ከእነሱ ጋር አብረን ሆንን፡፡ ሶልት ሌክ ሲቲ ሲደርሱ ግን ክትባቱን ለማግኘት ኤሊን መግደል ግድ እንደሆነ ይታወቃል፡፡ ጆል ሆስፒታሉን በደም ያጥባል፡፡ ማደንዘዣ የተወጋችውን ልጅ አቅፎ ይወጣል፡፡ ስትነቃ ይዋሻታል፡፡

እዚህ ታሪክ ውስጥ አንድ ሐኪም አለ፡፡ ቀዶ ሕክምና ክፍሉ ውስጥ ስለት ይዞ በጆልና በኤሊ መካከል ይቆማል፡፡ ፊቱ በጭምብል የተሸፈነ ነው፤ ማን እንደሆነ አናውቅም፡፡ እሱን ሳትገድሉ ጨዋታው አይቀጥልም፡፡ ታናሽ ወንድማችን ለመግደል ሰኮንድ አልፈጀበትም፡፡ እኛ ጎኑ ተቀምጠን «ቶሎ በል! ቶሎ በል!» እንል ነበር፡፡ ይቺን ያዙልን፡፡

ሁለተኛው ክፍል ሰኔ 12 ቀን 2012፣ በፈረንጆቹ 2020 ወጣ፡፡ በተጀመረ በሁለት ሰዓት ገደማ ውስጥ አቢ የምትባል ጡንቸኛ ወጣት ሴት ትመጣለች፤ ጆል ከበሽተኞቹ መንጋ አፍ ያወጣታል፤ እሷ ደግሞ ስሙን ስትሰማ በጎልፍ መምቻ ቀጥቅጣ ትገድለዋለች፡፡ ኤሊ መሬት ላይ ተይዛ እያየች ነው፡፡

ጆል እንዲህ እንደሚሞት ጌሙ ከመውጣቱ ከሁለት ወር ገደማ በፊት፣ በሚያዝያ፣ ሾልኮ ወጥቶ ነበር፡፡ ያኔ ዩኒቨርሲቲዎች በኮሮና ምክንያት ተዘግተው ቤታችን ነን፡፡ ወንድማችን ቪዲዮውን በስልኩ አሳየን፡፡ ለጥቂት ደቂቃ ዝም ብለን ተያየን፡፡ ከዚያ አቢን ጠላናት፤ ጌሙን እጃችን ሳናስገባ፣ ከታሪኩ ሁለት ደቂቃ ብቻ አይተን፡፡ ብቻችንንም አልነበርንም፡፡ ጌሙ በወጣ በሰዓታት ውስጥ ሜታክሪቲክ የተባለው የነጥብ መስጫ ገጽ በዜሮ ተጥለቀለቀ፡፡ ሃያና ከዚያ በላይ ሰዓት የሚፈጅ ጨዋታ በሰዓታት ውስጥ ተጫውቶ መጨረስ እንዴት እንደሚቻል የሚያውቅ ይንገረን፡፡ በቀጣዩ ወር ገጹ ተጫዋቾች ነጥብ መስጠት የሚችሉት ጌሙ ከወጣ ከ36 ሰዓት በኋላ እንዲሆን ደንብ አወጣ፡፡ የአቢን ድምፅ የሠራችው ሎራ ቤይሊ የግድያ ዛቻ ጎረፈላት፤ የተላኩላትን ራሷ ይፋ አድርጋቸዋለች፡፡ አንዲት ተዋናይ! ድምፅ የሰጠች! በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ በዚሁ ሥራዋ በጌም አዋርድስ የምርጥ ትወናን ሽልማት ወሰደች፤ ጌሙም የዓመቱ ምርጥ ተባለ፡፡

እኛ ጋ ጌሙ የገባው ዘግይቶ ነው፡፡ አጎታችን ከዱባይ ያመጣውን ያገለገለ ፕሌይስቴሽን 4 ይዘን፣ ከሰው ሰው የተዘዋወረ ሲዲ በልመና አግኝተን፣ በ2014 ክረምት ነው የጀመርነው፡፡ ተመርቀን ሥራ ፍለጋ ላይ ነን፤ ማለትም ጊዜ ሞልቶናል፡፡ ወንድማችን ይጫወታል፣ እኛ እንቀበለዋለን፣ እማዬ ከኋላ ሶፋው ላይ ሽንኩርት ትልጣለች፡፡ መጀመሪያ «የሚያስጠላ ጫጫታ» ትለው ነበር፡፡ በሁለተኛው ሳምንት ግን «ያቺ ልጅ ምን ሆነች?» እያለች መጠየቅ ጀመረች፤ እንደ ቱርክ ድራማ እየተከታተለችው ነው፡፡

የመጀመሪያውን ግማሽ ኤሊን ሆነን ሲያትል ውስጥ የአቢን ጓደኞች አንድ በአንድ አደንን፡፡ ይህ ጌም አንድ ክፉ ብልሃት አለው፤ ጠላት ስትገድሉ ጓደኛው በስሙ ይጠራዋል፡፡ ውሻም ስም አለው፡፡ ኖራ የምትባለዋን ሴት ኤሊ በብረት ስትደበድባት ጨዋታው ዝም ብላችሁ እንድታዩ አይተዋችሁም፤ አዝራሩን ራሳችሁ መጫን አለባችሁ፡፡ አልጫንም ብትሉ ይጠብቃችኋል፡፡ ወንድማችን ጆይስቲኩን ወደ እኛ ዘረጋና «አንቺ ተጫኚው» አለን፡፡ ተጫንነው፡፡ ሦስት ጊዜ፡፡

ከዚያ አቢ መጥታ ፊት ለፊት ስንገናኝ፣ ልንበቀል ነው ብለን ቀጥ ብለን ስንቀመጥ፣ ጨዋታው ቆረጠውና ወደ ኋላ መለሰን፡፡ ሆስፒታሉ ከመታረዱ በፊት ወዳለው ቀን፡፡ አቢ ልጅ ናት፡፡ አባቷ የሚወዳት፣ የሚቀልድባት ሐኪም ነው፡፡ ጭምብል የለበሰው ሰውዬ፡፡

ወንድማችን «አይ!» ብሎ ጆይስቲኩን ምንጣፉ ላይ ወረወረው፡፡ የገባው ያኔውኑ ነው፡፡ «ቶሎ በል» ያልነው ትዝ ብሎን እኛም ፊታችንን የምናደርግበት ጠፋን፡፡ እማዬ ግን ከሽንኩርቷ ቀና ሳትል፣

«ታዲያ ምን ታድርገው ኖሯል? ያባቷን ደም ነው የመለሰችው» አለች፡፡

ክፍሉ ዝም አለ፡፡ ይህንን ነገር ለመረዳት ለእኛ አሥር ሰዓት ጨዋታ ፈጀብን፤ ለእማዬ አንድ ዓረፍተ ነገር፡፡ እማዬ ብልህ ስለሆነች ብቻ አይደለም (ብልህ ናት)፡፡ የመጀመሪያውን ጌም አልተጫወተችም፡፡ የጆልን ጆይስቲክ አልያዘችም፡፡ ከጆል ጋር አሜሪካን አላቋረጠችም፡፡ እኛ ጆልን የወደድነው መልካም ሰው ስለሆነ ሳይሆን ቀድመን ስለተዋወቅነው ነው፡፡ ወረፋው ተገላብጦ መጀመሪያ አቢን፣ ቀጥሎ ጆልን ብንተዋወቅ ኖሮ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ጆልን በጎልፍ መምቻ ሲያሳድድ ይውል ነበር፡፡

ጋዜጠኝነት ትምህርት ቤት «ሁለቱንም ወገን ስሙ» የሚል ነገር አስተምረውናል፡፡ ለፈተና ሸምድደነዋል፣ ጥሩ ነጥብም አግኝተንበታል፡፡ የተማርነው ግን ስልክ መደወልን ነው፤ ለዚህኛው ደውል፣ ለዚያኛው ደውል፣ እኩል አንቀጽ ስጥ፣ ሚዛናዊ ሆንክ፡፡ ሁለተኛውን ወገን መስማት ማለት የማትወዱትን ሰው ቆዳ ለብሳችሁ ቀኑን ሙሉ መዋል እንደሆነ ማንም አልነገረንም፡፡ አቢን ሆናችሁ ቁርስ ትበላላችሁ፡፡ አቢ ከፍታ ትፈራለች፤ ሁለት ፎቆች መካከል በተዘረጋ ድልድይ ላይ ስትሄድ ወደ ታች ከተመለከታችሁ ስክሪኑ ይዞርባችኋል፣ የእሷ ፍርሃት ሆዳችሁ ውስጥ ይገባል፡፡ የጠላትዋ ወገን ከሆኑ ልጆች ጋር ትገናኛለች፤ ሊሰቅሏት ከነበሩት ሰዎች እጅ ያወጧት እነሱ ናቸው፡፡ ለአንደኛዋ እጅ መድኃኒት ፍለጋ ያን የምትፈራውን ድልድይ ትሻገራለች፡፡ ፊልም ቢሆን ዓይናችንን ጨፍነን እናልፈው ነበር፡፡ ጌም ሲሆን ካልተራመዳችሁ አትሻገርም፡፡

ጌሙን እንደ ታቦት እየተሸከምነው አይምሰላችሁ፡፡ ይረዝማል፡፡ በጣም ይረዝማል፡፡ ደግሞም አንዳንዴ እጃችንን ጠምዝዞ ሊያስለቅሰን ይሞክራል፤ አሊስ የምትባለዋን ውሻ መጀመሪያ ኤሊን ሆነን አስገድሎን ሲያበቃ፣ በኋላ አቢን ሆነን ከዚያችው ውሻ ጋር አብረን ያስኬደናል፡፡ ገባን፣ ገባን፡፡ ሜል የምትባለዋ ነፍሰ ጡርም እንደዚያው፡፡ ዋና ጸሐፊና ዳይሬክተሩ ኒል ድራክማን ልጅነቱን እስራኤል ያሳለፈ ሰው ነው፡፡ በ2000 ራማላ ውስጥ ሁለት የእስራኤል ወታደሮች በሕዝብ ሲገደሉ የሚያሳይ ቪዲዮ አይቶ በውስጡ የተነሳው የበቀል ስሜት፣ በኋላም በዚያ ስሜቱ ማፈሩ፣ የታሪኩ አንዱ መነሻ እንደሆነ ጌሙ በወጣበት ሰሞን ተናግሯል፡፡ በዚህ የተቹትም አሉ፤ ሁለት ወገን እኩል አቅም በሌለው ቦታ ሁሉንም «የበቀል አዙሪት» ብሎ ማለፍ ደካማውን ይጎዳል ብለው፡፡ ክርክሩ ተገቢ ነው፡፡ እኛም ብንሆን «ሁለቱም ያው ናቸው» የሚል ሰው ሲያጋጥመን አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱንም ያልሰማ ሆኖ ነው የምናገኘው፡፡ አቢ ግን ከኤሊ ጋር ያው አልሆነችብንም፡፡ የምናውቃት ሰው ሆነችብን፤ ይኼ ይለያል፡፡

በቲያትር ቤቱ ውስጥ ያለው ፍልሚያ ሲደርስ ጨዋታው አቢን ሆናችሁ ኤሊን እንድትመቱ ያዛችኋል፡፡ ወንድማችን እንቢ አለ፡፡ ዝም ብሎ ቆሞ ኤሊ እንድትገድለው ፈቀደ፡፡ ጨዋታው መለሰው፡፡ እንደገና ተገደለ፡፡ አምስት ጊዜ፡፡ በስድስተኛው መብራት ሄደ፡፡ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ፣ በጨለማ፣ ሦስታችን ሳሎን ቁጭ ብለን ሻማ የሚያመጣ ጠፋ፡፡

ስለ ጓደኛችን ያሰብነው ያኔ ነው፡፡

ዶርም አብራን የነበረች ልጅ ናት፡፡ ስሟን አንጽፍም፡፡ ቤተሰቦቿ መቀሌ ናቸው፡፡ ኮሮና ሲመጣ እሷ አዲስ አበባ አክስቷ ቤት ቀረች፤ ሁለታችንም በአንድ ከተማ ስለሆንን ያ ክረምት በስልክ አብረን ነው ያለፈው፡፡ ጥቅምት 2013 ጦርነቱ ተጀመረ፡፡ ኅዳር ላይ ፌስቡክ ላይ አንድ ነገር ጻፈች፡፡ ምን እንዳለች እዚህ አንደግመውም፡፡ መጀመሪያ ያለውን መስመር አንብበን ደማችን ፈላ፡፡ «ምን ማለትሽ ነው?» ብለን አልጠየቅናትም፡፡ ስክሪንሹት አነሳነው፡፡ ለሌሎቹ የዶርም ልጆች ላክነው፤ ከላዩ ላይም አንድ የማይረባ ቃል ጨመርንበት፡፡ ከዚያ ብሎክ አደረግናት፡፡ ግቢ ሲከፈት ዶርም ቀየረች፡፡ ካፌ ውስጥ ስንገናኝ ትሪያችንን ይዘን ሌላ ጠረጴዛ እንፈልግ ነበር፡፡ የምረቃ ዕለት በአምስት ሜትር ርቀት ፎቶ ስትነሳ አይተናታል፤ ብቻዋን ነበር የምትነሳው፡፡

መብራቱ በሌለበት በዚያች ማታ ስልካችንን ከፍተን ያንን ስክሪንሹት ፈለግነው፡፡ አልጠፋም ነበር፡፡ ስድስት መስመር ነው፡፡ አራተኛው መስመር ላይ የእናቷን ድምፅ ከሰማች 11 ቀን እንደሆናት ይላል፡፡ ያን ጊዜ ትግራይ ውስጥ ስልክ ተቋርጦ ነበር፡፡ ይህንን ዜና ሆኖ አንብበነዋል፣ የክፍል ሥራም ጽፈንበታል፡፡ አራተኛው መስመር ድረስ ግን አንብበን አናውቅም፡፡ ለሌሎቹ ስንልክ እንኳ፡፡

የመጀመሪያው መስመር አሁንም አይዋጥልንም፡፡ ዛሬም ብንጣላበት እንጣላለን፡፡ አቢም ጆልን መግደሏ አልተዋጠልንም፤ በሁለተኛ ዙር ስንጫወተው እንኳ ያን ክፍል ድምፁን አጥፍተን ነው ያለፍነው፡፡ ጌሙ የሚጠይቀው ግን እሱን አልነበረም፡፡ መጨረሻው ላይ ሳንታ ባርባራ ባሕር ዳር ኤሊ አቢን ታገኛታለች፤ ከስታ፣ ፀጉሯ ተቆርጦ፣ ግንድ ላይ ታስራ፡፡ ያቺ ጡንቸኛ ሴት አጥንት ሆናለች፡፡ ውሃው ውስጥ ይደባደባሉ፡፡ ኤሊ አንገቷን ይዛ ደፍቃ ልትጨርሳት ስትል ትለቃታለች፡፡ ይቅር አልኩሽ አትላትም፡፡ «ሂጂ፤ ይዘሽው ሂጂ» ብቻ ትላታለች፡፡ ቤቷ ስትመለስ ጆል ያስተማራትን ጊታር አንስታ ልትጫወት ስትሞክር አትችልም፤ ሁለት ጣቶቿ ያን ቀን ተነክሰው ቀርተዋል፡፡

ወንድማችን ይህን መጨረሻ እስከ ዛሬ አይወደውም፡፡ «ይሄን ሁሉ ሰው ገድላ እሷን መተው ምን ማለት ነው?» ይላል፡፡ ጥያቄው ጥሩ ነው፤ መልስ አልሰጠነውም፡፡ በ2025 የቴሌቪዥኑ ድራማ ሁለተኛ ክፍል ጆል የሚሞትበት ጋ ሲደርስ ዓለም እንደገና ተጣላ፡፡ እኛም ቤት እንደገና ተጣላን፡፡ እማዬ አሁንም የአቢ ወገን ናት፡፡

ለጓደኛችን ወዲያው ጻፍንላት ብንል ደስ ይል ነበር፡፡ አልጻፍንም፡፡ የፕሪቶሪያው ስምምነት በጥቅምት 2015 ተፈረመ፣ ስልኩ ተመለሰ፣ እኛ አልጻፍንም፡፡ ምን ብለን እንደምንጀምር ጠፋን፤ ከዚያ በጣም ቆየ፤ ከዚያ «አሁንማ ምን ብዬ» ሆነ፡፡ ባለፈው ጥር ግን አንድ ማታ፣ ድራማውን ከወንድማችን ጋር እንደገና እያየን፣ ቴሌግራም ላይ የድሮ ቁጥሯን ፈልገን «እንዴት ነሽ? እናትሽ ደህና ናቸው?» ብለን ላክን፡፡

በሦስተኛው ቀን መለሰች፡፡

«ደህና ናቸው፣ እግዚአብሔር ይመስገን፡፡ ይቅርታ፣ ማን ልበል?»

ቁጥራችንን አጥፍታዋለች፡፡ አልፈረድንባትም፡፡ ስማችንን ጻፍን፤ የት እንደምንተዋወቅ እንዳትቸገር የዶርማችንንም ቁጥር ጨመርን፡፡ አይታዋለች፤ ሁለቱ ምልክት መጥቷል፡፡ ይህን ስንጽፍ ገና አልመለሰችም፡፡